3ጂ ይዤ ቦይለር መበየድ እችላለሁ? የስትራክቸራልና የፕሬዠር በያጅ ወረቀት ልዩነት

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ ደወለልኝ። ወንጂ ማዞሪያ አካባቢ በር፣ መስኮትና ሼድ የሚሠራ ቤት ውስጥ ነው ያለው። እጁ ጎበዝ ነው። «ጋሼ፣ 3ጂም 4ጂም አልፌ ወረቀት አለኝ። የቦይለር ጥገና የያዙ ሰዎች ጋ ስሄድ ግን ወረቀቱን አገላብጠው አዩና መለሱኝ። ብየዳ ብየዳ አይደለም እንዴ?» አለኝ። (3ጂ ቁም፣ 4ጂ አናት ላይ የሚበየድበት የፈተና አቀማመጥ ነው።)

እኔም በሱ ዕድሜ እንደሱ ነበር የማስበው። እጅህ ካላሳፈረህ የትም ገብተህ ትበይዳለህ፣ አለቀ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የብየዳ ወረቀት የጉብዝና ሰርተፊኬት አይደለም፤ አንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ብረት ላይ፣ በአንድ አቀማመጥ፣ በአንድ ኤሌክትሮድ ምን እንደበየድክ የተጻፈበት መዝገብ ነው። ኮዱ ከዚያ መዝገብ ተነስቶ «ይሄን ከሠራህ እስከዚህ ድረስ መሥራት ትችላለህ» ብሎ አጥር ያጥርልሃል። የስትራክቸራሉ፣ ማለትም የሕንጻና የሼድ ብረት፣ አጥር አንድ ቦታ ነው፤ የፕሬዠሩ፣ ማለትም ግፊት የሚይዝ ዕቃ፣ ሌላ ቦታ። ልጁን የመለሱት ብየዳ ስለማይችል ሳይሆን ከአጥሩ ውጪ ስለቆመ ነው።

ስለዚህ ወረቀትህን አውጣና አብረን እናንብበው። «አንተ» እያልኩ የምጽፈው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው፤ አዳማ ውስጥ ከብዙ ወንዶች የተሻለ ሩት (የመጀመሪያውን የሥር ብየዳ) የሚጥሉ ሴቶች አውቃለሁ።

ሲኦሲና የኮድ ፈተና አንድ አይደሉም

መጀመሪያ ይሄን እንለይ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ሲኦሲ ከደረጃ 1 እስከ 5 ባለው የሙያ ደረጃ ተምረህ ብቁ መሆንህን የሚመሰክር ነው። ለቅጥር ያስፈልግሃል፣ አትናቀው። ግን አንድ ኢንስፔክተር «ይሄ ሰው ይሄን ጆይንት መበየድ ይችላል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያየው ሲኦሲህን አይደለም። የሚያየው በኮድ የተፈተንክበትን ወረቀት ነው። እዚያ ላይ የብየዳው ዓይነት፣ የኤሌክትሮዱ ምድብ፣ አቀማመጡ፣ ውፍረቱ፣ ቱቦ ከሆነ ዲያሜትሩ፣ ቤኪንግ (ከጆይንቱ ኋላ የሚለጠፍ መደገፊያ) መኖር አለመኖሩ፣ ከታች ወደ ላይ ይሁን ከላይ ወደ ታች መበየድህ ሁሉ ተጽፏል። ከነዚህ አንዱ ከተቀየረ ወረቀቱ ላያገለግልህ ይችላል።

አገራችን ውስጥ ደጋግመህ የምትሰማቸው ኮዶች ሁለት ናቸው። ለሕንጻ፣ ለሼድና ለማማ የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ዲ1.1 አለ፤ በሠራተኛው አፍ «ኤ ደብሊው ኤስ» ነው። ለቦይለር፣ ለፕሬዠር ቬስልና ለእንፋሎት መስመር ደግሞ የአስሚ (የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር) ሴክሽን 9 አለ። ከአውሮፓ ጋር የሚሠራ ኮንትራክተር ከመጣ አይሶ 9606 ይጠይቅሃል። እዚያ ወረቀት ላይ «6ጂ» (ዘንበል ብሎ የታሰረ ቱቦ የሚበየድበት አቀማመጥ) የሚል አታገኝም፤ ያው አቀማመጥ ኤች-ኤል045 ተብሎ ይጻፋል። ስለሱ ሌላ ቀን።

ለምን ሁለት ሆኑ?

አንድ ሼድ ላይ ያለ ጆይንት ውስጥ ትንሽ ቀዳዳ ቢቀር ብረቱ ጭነቱን ይሸከማል፤ ዲዛይኑ መጠባበቂያ አለው፣ ጭነቱም በሌላ በኩል መንገድ ያገኛል። ቦይለር ላይ ያቺው ቀዳዳ ከውስጥ ወደ ውጪ መንገድ ካገኘች ግን ጉድ ፈላ። 10 ባር ላይ ያለ ውሃ ወደ 180 ዲግሪ ይሞቃል፤ በድንገት ከተለቀቀ ወደ እንፋሎት የሚለወጠው ክፍሉ ከ1600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። እንደ ፈረንጆቹ በ1905 አሜሪካ ውስጥ ብሮክተን በምትባል ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰው ገድሏል። የመጀመሪያው የአስሚ የቦይለር ኮድ የ1914 እትም የመጣው እንዲህ ያሉ አደጋዎች ከተደጋገሙ በኋላ ነው።

ይሄ የሩቅ ታሪክ ብቻ እንዳይመስልህ። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው ወንጂ ከ1946 ዓ.ም ጀምሮ ስኳር የሚያመርተው በእንፋሎት ነው። ካርቶን፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ጨርቃ ጨርቅ የሚሠራው ሁሉ አነሰም በዛ ቦይለር አለው። ከዚያ ወረድ ስትል ደግሞ በየመንገዱ ዳር ጎሚስታው ጋ የቆመ የኮምፕረሰር ታንክ አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆም። ታንኩ ሲያፈስ ጎሚስታው ይዞት የሚሮጠው ወደ በርና መስኮት ቤት ነው፤ እዚያ ያለው ልጅ በ6013 ኤሌክትሮድ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ይደፍንለታል። እስቲ እናስላው። ታንኩ 8 ባር ይሞላል እንበል፣ የጎኑ ክዳን ዲያሜትር 30 ሳንቲ ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ግፊት ከ5 ቶን ተኩል ይበልጣል። ይሄን የያዘው ዙሪያውን ያለው ብየዳ ነው፤ ብረቱ ደግሞ ከውስጥ በውሃ ዝጎ ሳስቷል። እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣብኝ «አዲስ ግዛ» ብዬ እመልሳለሁ። ሰው ይከፋል፣ ይከፋ።

የስትራክቸራሉ ፈተና

ዲ1.1 ላይ በብዛት የምትፈተነው በፕሌት ነው። ሁለት ፕሌት ጎን ለጎን ታደርጋለህ፣ የቪው አፍ በድምሩ 45 ዲግሪ፣ የሥሩ ክፍተት 6 ሚሊ፣ ከኋላ የብረት ቤኪንግ ይለጠፋል። ቤኪንጉ ሥሩን ስለሚይዝልህ የቀለጠው ብረት ወደ ኋላ ሊፈስ አይችልም፤ ያንተ ጭንቀት ከጎን ግድግዳው ጋር በደንብ መዋሃዱና ስላግ (የኤሌክትሮዱ ልባስ ቀልጦ የሚተወው ቆሻሻ) ውስጥ አለመቅረቱ ነው።

ውፍረቱ ላይ ምርጫ አለህ። 10 ሚሊ ፕሌት ላይ ከተፈተንክ ከ3 እስከ 20 ሚሊ መበየድ ትችላለህ። 25 ሚሊ ላይ ከተፈተንክ ከ3 ሚሊ ጀምሮ ላይኛው ጣሪያ የለውም። ብዙዎች ፕሌት ለመቆጠብ በ10 ሚሊው ይፈተናሉ፤ ከዚያ 25 ሚሊ ቤዝ ፕሌት ያለበት ሼድ ሲመጣ ውጪ ይቆማሉ። የሚቻል ከሆነ በ25ቱ ተፈተን። ሙሌቱ ረጅም ነው፣ ወገብ ይቆርጣል፣ ግን አንዴ ነው።

አቀማመጡ ላይ ሁልጊዜ የምሰማው ስህተት አለ። «4ጂ ከሁሉም ስለሚከብድ 4ጂ ያለው 3ጂን አብሮ አገኘ» ይላሉ። አላገኘም። 3ጂ ጠፍጣፋ፣ አግድምና ቁም ይሰጥሃል፤ አናት ላይ አይሰጥህም። 4ጂ ደግሞ ግሩቭ (አፉ ተከፍቶ የሚሞላ ጆይንት) ላይ ጠፍጣፋና አናት እንጂ ቁም አይሰጥህም። ሰው ሁለቱንም የሚፈተነው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ሁሉም አቀማመጥ ይሞላል። ፊሌት (የማዕዘን ብየዳ) አብሮ ይገባል፣ ለብቻው መፈተን አያስፈልግህም።

ኤሌክትሮዱም አጥር አለው። ስቲክ ኤሌክትሮዶች በአራት ምድብ ተከፍለዋል፤ እኛ ቀን ተሌት የምንፈጀው 6013 ኤፍ2 ነው፣ 6010 ኤፍ3፣ 7018 ደግሞ ኤፍ4። በ7018 ከተፈተንክ ዲ1.1 ላይ የታችኞቹን አብረህ ታገኛለህ። በ6013 ከተፈተንክ ግን 7018 መያዝ አይፈቀድልህም። በርና መስኮት ላይ ለኖረ ሰው ፈተናው የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። 6013 ታዛዥ ነው፣ አርኩን ብታስረዝመውም ይታገስሃል። 7018 አጭር አርክ ይፈልጋል፤ ካስረዘምክበት ቀዳዳ ያስቀምጥልሃል።

ደግሞ 7018 እርጥበት ጠላቱ ነው። ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ ቢያንስ 120 ዲግሪ ባለው ኦቨን ውስጥ ይቀመጣል፤ ከኦቨን ከወጣ ዲ1.1 የሚፈቅድለት 4 ሰዓት ነው። ካለፈ ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ባለው ሙቀት ቢያንስ 2 ሰዓት እንደገና ይጋገራል። «አዳማ ደረቅ ነው፣ ፀሐይ ላይ ባሰጣው ይበቃል» ያለኝ ሰው አለ። በርበሬ መሰለው እንዴ?

ከተበየደ በኋላ መጀመሪያ በዓይን ይታያል። ስንጥቅ ጭራሽ አይፈቀድም፣ ማብቂያው ጉድጓድ ሆኖ መቅረት የለበትም፣ አንደርከት (በብየዳው ጠርዝ የሚቀር ቦይ) ከ1 ሚሊ፣ የካፑ (የላይኛው ንብርብር) ከፍታ ከ3 ሚሊ መብለጥ የለበትም። ከዚያ ተቆርጦ ይታጠፋል፤ 10 ሚሊው አንዱ በፊቱ አንዱ በሥሩ፣ 25ቱ ደግሞ ሁለቱም በጎናቸው። በታጠፈው ላይ ከ3 ሚሊ የበለጠ ክፍተት ከታየ ወድቀሃል።

አንድ ምክር፦ የሚታጠፈውን ቁራጭ ስታዘጋጅ ግራይንደሩን በቁመቱ ሂድበት እንጂ በአግድሙ አትሂድበት። በአግድም የተጫረ መስመር ሲታጠፍ ስንጥቅ ይጀምራል፤ ጥሩ ብየዳ በግራይንደር ሲወድቅ አይቻለሁ። ጠርዞቹንም እስከ 3 ሚሊ ድረስ ማለስለስ ይፈቀዳል፣ አለስልሳቸው።

የፕሬዠሩ ፈተና

ሴክሽን 9 ላይ ፕሌትም ይፈተናል፤ ግን የቦይለርና የእንፋሎት መስመር ሥራ የሚፈልገው ቱቦ ነው፣ ለዚያውም 6ጂ። ቱቦው 45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይታሰራል፣ አይሽከረከርም፣ አንተ ነህ የምትዞረው። ታች ስትተኛ አናት ላይ ነው፣ ጎን ላይ ቁምና አግድም ተቀላቅለው ይመጣሉ። ስለዚህ 6ጂ ያለፈ ሁሉንም አቀማመጥ ያገኛል። 2ጂና 5ጂ ለየብቻ ተፈትነህም እዚያው ትደርሳለህ።

ቤኪንግ የለም። ዋናው ልዩነት ይሄ ነው፤ ከሌላው ሁሉ ይሄን ያዝልኝ። ሥሩ ክፍት ነው፣ ከ2 ተኩል እስከ 3 ሚሊ አካባቢ ክፍተት፤ አንተ ከውጪ ሆነህ የማታየውን የውስጠኛውን ጎን እኩል አድርገህ መሙላት አለብህ። የስትራክቸራል ወረቀትህ ላይ «ቤኪንግ ያለው» ተብሎ ከተጻፈ፣ ቤኪንግ የሌለው ጆይንት ያው በዲ1.1ም ቢሆን አልተፈቀደልህም። የደወለልኝን ልጅ ያስመለሰው አንዱ ነገር ይሄ ነበር።

ሁለተኛው ዲያሜትር ነው። ሴክሽን 9 ላይ በፕሌት 2ጂ፣ 3ጂና 4ጂ ብታልፍ እንኳ በሁሉም አቀማመጥ ቱቦ መበየድ የምትችለው ዲያሜትሩ ከ610 ሚሊ በላይ ሲሆን ነው። ይሄ ደግሞ ቱቦ ሳይሆን በርሜል ነው በለው። በቱቦ ስትፈተን አጥሩ እንዲህ ነው፦ የውጪ ዲያሜትሩ 73 ሚሊና ከዚያ በላይ በሆነ ቱቦ ከተፈተንክ ከ73 ወደ ላይ ያለውን ሁሉ ታገኛለህ። ከ25 እስከ 73 ሚሊ ባለው ከተፈተንክ ከ25 ወደ ላይ ሁሉንም ታገኛለህ። ከ25 በታች ባለው ከተፈተንክ ከተፈተንክበት ወደ ላይ። አየህ? ትንሹ ትልቁን ይከፍታል፣ ትልቁ ትንሹን አይከፍትም።

ብዙ ሰው ባለ 6 ኢንች ቱቦ ላይ ይፈተናል፤ ሰፊ ነው፣ ይመቻል። ከዚያ ቦይለር ቤት ይሄዳል። የቦይለር ቱቦ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 51 ወይም 63 ሚሊ አካባቢ ነው። ወረቀቱ ከ73 ጀምሮ ነው የሚለው። ተመለስ ይባላል። ስለዚህ ቦይለር ላይ ዓይንህን ከጣልክ በ2 ኢንች ቱቦ ተፈተን፤ የውጪ ዲያሜትሩ 60.3 ሚሊ ነው፣ ከ25 ሚሊ ወደ ላይ ሁሉንም ይከፍትልሃል። በነገራችን ላይ 2 ኢንች ፓይፕና 2 ኢንች የቦይለር ቲዩብ አንድ አይደሉም፤ ፓይፑ በስም መጠኑ ነው የሚጠራው፣ ቲዩቡ በውጪ ዲያሜትሩ፣ 50.8 ሚሊ። ዕቃ ስታዝዝ ይሄን ካልለየህ ኪስህን ታቃጥላለህ።

ውፍረቱም እንደ ስትራክቸራሉ አይደለም። እዚህ የሚቆጠረው የብረቱ ውፍረት ሳይሆን አንተ የሞላኸው ነው፣ ለዚያውም በየብየዳው ዓይነት ተለይቶ። የሞላኸውን እጥፍ ታገኛለህ። 13 ሚሊና ከዚያ በላይ ቢያንስ በሦስት ንብርብር ከሞላህ ጣሪያው ይነሳል።

በቁጥር ላሳይህ። 6 ኢንች ስኬጁል 80 ቱቦ (ስኬጁል የግድግዳው ውፍረት ደረጃ ነው) ውፍረቱ 11 ሚሊ ገደማ ነው። ሥሩን በአርጎን (በቲግ ብየዳ) 4 ሚሊ ሞላህ፣ የቀረውን 7 ሚሊ በ7018 ሞላህ። በአርጎን ያገኘኸው 8 ሚሊ ነው፣ በስቲክ 14 ሚሊ። ወጥመዱ አሁን ይመጣል፤ ስቲኩ የተበየደው በአርጎኑ ሥር ላይ ስለሆነ ለኮዱ «ቤኪንግ ያለው» ነው። ነገ ሌላ ቦታ ሄደህ ሥሩን በስቲክ ክፈት ብትባል ወረቀትህ አይሸፍንህም። ይሄን ሳያውቅ ገብቶ የተበላሸ ሰው ቤቱ ይቁጠረው። ሥሩን በ6010፣ ሙሌቱን በ7018 የሚበይድበት ቦታ ከሆነ የምትሄደው፣ ፈተናህም እንደዚያው ይሁን።

2 ኢንች ቱቦ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ስኬጁል 80 ሲሆን 5 ሚሊ ተኩል። እጥፉ 11 ሚሊ መሆኑ ነው። ብልጦቹ የሚፈተኑት ወፍራሙን ደብል ኤክስ ስትሮንግ የሚባለውን አግኝተው ነው፤ ውፍረቱ 11 ሚሊ፣ በአንድ ቁራጭ ትንሽ ዲያሜትርም ደህና ውፍረትም ታገኛለህ። መሙላቱ ቅጣት ነው፣ ቦታው ጠባብ፣ ሙቀቱ ቶሎ ይከማቻል። ግን እኔ ገንዘቤን ከፍዬ አንድ ፈተና ብቻ ተፈተን ብባል የምመርጠው ይሄን ነው።

ምርመራው በመታጠፍም በኤክስሬይም ይሆናል። 6ጂ ላይ አራት ቁራጭ ይታጠፋል፣ ሁለት በፊት ሁለት በሥር፣ ወይም አራቱም በጎን። ኤክስሬይ ከሆነ ስንጥቅ፣ ያልተዋሃደ ቦታና ሥሩ ያልደረሰ ቦታ በምንም መጠን አይፈቀድም፤ ስላግና ቀዳዳ ግን በልክ ይታለፋል። በሚግ ሾርት ሰርኪት (ሽቦው ብረቱን እየነካ በሚቀልጥበት ዝቅተኛ ሙቀት ያለው አሠራር) ከበየድክ ኤክስሬይ በመታጠፉ ምትክ አይቆጠርልህም። ያ ዓይነት ብየዳ ላዩ አምሮ ውስጡ ሳይዋሃድ ይቀራል፣ ፊልሙም ያንን ሁልጊዜ አያሳይም።

የኔ የመጀመሪያ 6ጂ

ወድቄያለሁ። የትኛው ፋብሪካ እንደሆነ አልናገርም። ላዩን ስታየው የሳንቲም ድርድር ነበር፣ ጓደኞቼ ፎቶ ሁሉ አንስተውታል። ኢንስፔክተሩ ፊልሙን መብራት ላይ ለጠፈና በእስክርቢቶው ጫፍ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር አሳየኝ፤ ከታች፣ ሰዓት ቢሆን 6 ሰዓቱ ጋ። ሥሩ አልደረሰም። የሆነው ቀላል ነው፤ ከግራና ከቀኝ የመጡት ሁለቱ ብየዳዎች የሚነሱት እዚያ ነው፣ እኔም የመጀመሪያውን መነሻ በግራይንደር ሳላሳሳ ሁለተኛውን ላዩ ላይ ጀመርኩት።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ይሄ ነው። መነሻና ማቆሚያህን ሁሉ እንደ ላባ አሳሳቸው። ታኮችህን (ቱቦዎቹን መጀመሪያ የሚያያይዙትን ትናንሽ ብየዳዎች) ልክ 6 ሰዓት ላይ አታድርጋቸው፤ 10፣ 2፣ 4 እና 8 ሰዓት ላይ ይሁኑ። ሥሩን ስትከፍት ከፊትህ ትንሽ የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለች ክብ ትታያለች፤ እሷ ካለች ውስጡ እየተሞላ ነው፣ ከጠፋች አቁም። ታች ላይ ብረቱ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ማለት ይወዳል፣ ስበቱ ወዳንተ ስለሚጎትተው፤ ኤሌክትሮዱን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው። ወረቀት ላይ ይሄን መጻፍ ቀላል ነው፣ እጅህ እንዲያውቀው ግን ሠላሳ አርባ ቁራጭ ማቃጠል አለብህ።

ለልምምድ ኤክስሬይ አያስፈልግህም። የበየድከውን ቱቦ ለሁለት ሰንጥቀህ ውስጡን እይ። ከዚያ ቁራጭ ቆርጠህ በመኪና ክሪክ እጠፈው፤ 10 ሚሊ ውፍረት ላለው ቁራጭ መግፊያው ወደ 40 ሚሊ ዲያሜትር ያለው ክብ ብረት ይሁን። ሰፈራችን ያለ ወርክሾፕ ሁሉ ይሄን መሥራት ይችላል።

ስለ ንፋሱም ልናገር፤ አዳማ ነን እኮ። ከተማው አናት ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የንፋስ ማማዎች የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። ዲ1.1 አርጎንና ሲኦቱ በመሳሰሉ በጋዝ በሚከለሉ ብየዳዎች ላይ ንፋሱ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ካለፈ አትበይድ ይላል። ይሄ ፊትህ ላይ ለስለስ ብሎ የሚሰማህ ንፋስ ነው። ከሰዓት በኋላ ክፍት ሜዳ ላይ አርጎን ይዘህ ከቆምክ ጋዙ የሚሄደው ወደ አዋሽ ነው። በሸራ ከልል፣ ቱቦ ከሆነ ሁለቱንም ጫፍ ዝጋ፤ በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ንፋስም ሥሩን ያበላሸዋል። ወይም እንደኔ በጠዋት ጀምር።

ከወደቅህ፣ ከቀየርክ፣ ካቆምክ

ብትወድቅ ሁለቱም ኮዶች ሁለት መንገድ ይሰጡሃል። ወዲያው መድገም ከፈለግክ በወደቅክበት አቀማመጥ ሁለት ቁራጭ ትበይዳለህ፣ ሁለቱም ማለፍ አለባቸው። ሄደህ ተለማምደህ ከተመለስክ ግን አንድ ይበቃል። እልህ ይዞህ ወዲያው ልድገም አትበል፤ የደከመ እጅ ሁለት ቁራጭ አያሳልፍም።

ጊዜውም በሁለቱም ተመሳሳይ ነው፤ በዚያ የብየዳ ዓይነት 6 ወር ሳትሠራ ካልቆየህና ሥራህ ጥርጣሬ ካላስነሳ ወረቀቱ አይሞትም። ግን ማን ይመሰክርልሃል? አሠሪህ የሚይዘው መዝገብ አለ፣ በየጊዜው በምን እንደበየድክ የሚጻፍበት። ሥራ ስትለቅ የፈተና ወረቀትህንና የዚህን መዝገብ ኮፒ ሳትይዝ ከበር እንዳትወጣ። ስልክህ ላይ ፎቶ አንሳው፣ ለራስህም በቴሌግራም ላከው።

ወደ ሌላ ድርጅት ስትሄድ ልዩነቱ እንደገና ይመጣል። ስትራክቸራሉ ላይ የፕሮጀክቱ ኢንጂነር የቀድሞ ወረቀትህን አይቶ መቀበል ይችላል። ፕሬዠሩ ላይ ፈተናውን በራሱ ቁጥጥር ሥር ማድረግ የአምራቹ ወይም የኮንትራክተሩ ኃላፊነት ነው፤ ስለዚህ 6ጂ ወረቀት ይዘህ ብትሄድም እንደገና በይድ ትባላለህ። አትናደድ፣ ንቀት አይደለም። ወረቀትህ በሩን ያስከፍትልሃል፣ ውስጥ የሚያስገባህ እጅህ ነው። ለዚህም ነው «6ጂ ሰርተፊኬት እንሰጣለን፣ የትም ይሠራል» ለሚል ማስታወቂያ ብዙ ብር እንዳትከፍል የምልህ።

ደብሊው ፒ ኤስ የሚባለውን፣ ማለትም እንዴት እንደሚበየድ የተጻፈበትን ወረቀት፣ ማዘጋጀት የኩባንያው ሥራ ነው። ዲ1.1 ላይ አስቀድሞ የተፈቀዱ አሠራሮች ስላሉ ኩባንያው ሳይሞክር ሊጠቀምባቸው ይችላል፤ ሴክሽን 9 ላይ ግን በጥቅሉ አስቀድሞ ተበይዶ፣ ተቆርጦ፣ ተፈትኖ መረጋገጥ አለበት። አንተ ማወቅ ያለብህ ከፈተናህ በፊት ያንን ወረቀት ጠይቀህ ማንበብ እንዳለብህ ነው። አምፒሩ፣ ኤሌክትሮዱ፣ አቅጣጫው እዚያ ላይ አለ። ከላይ ወደ ታች ተለማምደህ ወረቀቱ ከታች ወደ ላይ ቢልህስ?

አንድ የሚያሳስት ነገር ልጨምር። የነዳጅ ዴፖ ታንክ ግፊት የለውም ማለት ይቻላል፣ ሰውም ስትራክቸራል ይመስለዋል፤ ግን ታንኩ በኤፒአይ 650 ከተሠራ በያጁ የሚፈተነው በሴክሽን 9 ነው። አገር አቋራጭ የነዳጅ ቱቦ ደግሞ ኤፒአይ 1104 የሚባል የራሱ ኮድ አለው። ስለዚህ ሥራውን ዓይተህ አትገምት፣ «በየትኛው ኮድ ነው?» ብለህ ጠይቅ።

ልጁን ቅዳሜ ና አልኩት። ባጃጅ ላይ ሁለት ሜትር ባለ 2 ኢንች ቱቦ ጭኖ መጣ፤ ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩም። በ45 ዲግሪ አሰርንለት፣ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ሥር ከፈተ። ሰንጥቀን ስናየው 3 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ያለው እኔ ከምበይደው ይሻላል። 6 ሰዓት ላይ ጎድጉዷል። «ጋሼ፣ ይሄው ያልከው ቦታ» አለኝና ግራይንደሩን አንስቶ ቀጣዩን ቁራጭ መቁረጥ ጀመረ።